መቀሱ እጅሽ ለገባው ልጄ

ልጄ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ከሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ወጥተሽ የመጀመሪያ እንጀራሽ የውጭ ጌም ወደ አማርኛ መመለስ መሆኑ ደስ አሰኝቶኛል። ከሥራው ጋር የመጣብሽን ጥያቄም ደጋግሜ አነበብኩት። አሠሪዎችሽ «ለኢትዮጵያ ገበያ የማይስማማውን ለይታችሁ አውጡ» ብለዋችኋል፤ ምኑ ይውጣ፣ ምኑ ይቆይ የሚለውን ግን ለእናንተ ትተውታል። ቀላል አደራ አይደለም። እኔ አማርኛ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ሳንሱርንም በወሬ አይደለም የማውቀው። ስለ ጌሞቹ ደግሞ ጥያቄሽ ከመጣ ወዲህ አንብቤአለሁ፣ የሰፈሩን ጎረምሶችም ጠይቄአለሁ። የደረስኩበትን በተራ አስቀምጥልሻለሁ። የውጭውን ዓመት በአውሮፓውያን፣ የአገራችንን በራሳችን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

1. መጀመሪያ ተጫዋቹን ሄደሽ እዪው።

ወንበርሽ ላይ ተቀምጠሽ «የኢትዮጵያ ተጫዋች» የሚባል ሰው በሐሳብሽ አትፍጠሪ። ከትምህርት ቤት መልስ፣ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ፣ አቶቴ አካባቢ አንድ ፕሌይስቴሽን ቤት ገብተሽ ቁጭ በዪ። ጨለም ያለች ክፍል፣ ግድግዳው ላይ ሁለት ሦስት ቴሌቪዥን፣ ፊት ለፊቱ አግዳሚ ወንበር ነው የምታገኚው። የጆይስቲኩ ጎማ በአውራ ጣት ብዛት ተልጧል፤ ገመዱ በፕላስተር ተጠቅልሏል። ሒሳቡ በጨዋታ ነው፤ የተሸነፈ ይነሣል፣ ያሸነፈ ይቀጥላል። የአሥር ዓመት ልጅ ከሃያ ዓመት ጎረምሳ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ ተራውን ይጠብቃል። እንግሊዝኛውን አያነበውም፤ ስንት ጊዜ ወደ ታች፣ ስንት ጊዜ ወደ ቀኝ ተጭኖ አርሴናልን እንደሚያወጣ ግን ጣቱ ያውቀዋል። ኳሱ ሲሰለች ትልልቆቹ ለአዋቂዎች የተሠራውን ጂቲኤ ያስከፍታሉ። ትንሹም ተራው እስኪደርስ ያንኑ ያያል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በዪ። አሜሪካ ውስጥ ኢኤስአርቢ፣ አውሮፓ ውስጥ ፔጊ የሚባሉት ድርጅቶች ጌሙ ለስንት ዓመት ልጅ እንደሚሆን ይወስናሉ፤ ምልክቱም ማሸጊያው ላይ ይታተማል። በዚያች ክፍል ውስጥ ግን ማሸጊያ የሚባል ነገር የለም፤ ጌሙ ተቀድቶ የገባ ነው። «18» የሚለው ቁጥር መንገድ ላይ ቀርቷል። ስለዚህ መቀስ ከማንሣትሽ በፊት ማስጠንቀቂያው እንዲደርስ አድርጊ። ጌሙ ሲከፈት በሚመጣው የመጀመሪያ ገጽ ላይ፣ ጎላ ባለ ፊደል፣ ለስንት ዓመት እንደሆነና ምን ምን እንዳለበት በአማርኛ ይጻፍ። ቤቱን የሚያስተዳድረው ልጅ ያነበዋል፤ ስልኩን ከልጇ የምትቀበል እናትም ታየዋለች። ይህች አንዲት ገጽ ብዙ መቁረጥ ታስቀርልሻለች።

2. ከአንቺ በፊት የቆረጡ ሰዎች ምን እንደቆረጡ እወቂ።

ጌም ባሕር ሲሻገር ብዙውን ጊዜ የሚቆረጥበት ሻጩ የፈራው ነገር ነው። የጌም አምራቹ ኒንቴንዶ በ1980ዎቹ መጨረሻ የጃፓን ጌሞችን ለአሜሪካ ሲያዘጋጅ መስቀል፣ ደም፣ መጠጥና ራቁት ገላ እንዳይታይ ደንብ ነበረው። በፋይናል ፋንታሲ ጌሞች ውስጥ መጠጥ ቤቶቹ ካፌ ሆኑ። በ1995 ኧርዝባውንድ የሚባለው ጌም አሜሪካ ሲገባ ሆስፒታሉ ላይ የነበረው ቀይ መስቀል ተነሣ፤ ራቁቱን የነበረው ልጅም ፒጃማ ለበሰ። ይህን ሁሉ እየዘረዘርኩ አላሰለችሽም።

ቆም ብለሽ ልታዪው የሚገባሽ የሞርታል ኮምባት ነገር ነው። በ1993 ይህ የድብድብ ጌም ወደ ቤት መጫወቻ ሲመጣ ኒንቴንዶ ደሙን ላብ አስደረገው፤ ቀዩ ግራጫ ሆነ። ተፎካካሪው ሴጋ ግን ደሙን በሚስጥር ቁልፍ ደብቆ አስገባው፤ ቁልፉም በልጆች መካከል በአፍ ተላለፈ። ገበያው ወደ ሴጋው አዘነበለ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ነገሩ የአሜሪካ ሴኔት ፊት ቀረበ፤ በ1994 ኢኤስአርቢ ተቋቋመ። ሁለተኛው ሞርታል ኮምባት ሲወጣ ኒንቴንዶ ራሱ ደሙን ሳይነካ ሸጠው። ለወላጁ የሚናገር ምልክት ከመጣ በኋላ መቀሱ ሥራ ፈታ ማለት ነው። ከላይ ስለ መጀመሪያው ገጽ ያልኩሽም ከዚሁ የተነሣ ነው።

ኮንትራንም ልንገርሽ። ታላላቆችሽ ከቴሌቪዥን ጋር በሚገጠመው ርካሽ የቻይና መጫወቻ ላይ ሲጫወቱት ያደጉት የተኩስ ጌም ነው። ለአውሮፓ ሲዘጋጅ ጀግኖቹም ጠላቶቹም ሮቦት ተደረጉ፣ ስሙም ፕሮቦቴክተር ተባለ፤ ጀርመን ውስጥ ሰው ሲገደል የሚያሳይ ጌም ለልጆች መሸጥ ከባድ ስለነበር ነው። እንግዲህ የሙኒክ ልጅ ብረት ላይ ሲተኩስ፣ የኛ ልጅ ሰው ላይ ይተኩስ ነበር። የጀርመኑን ልጅ በጎም ሆነ በመጥፎ ያሰበለት ሰው ነበረ። የኛን ልጅ ግን ማንም አላሰበውም፤ የተረፈው ነው የደረሰው። ዛሬ አንቺ በዚያ ወንበር ላይ መቀመጥሽን እንደ ትልቅ ነገር የማየው ለዚህ ነው።

አንድ ልጨምር። በ2019 ቻይና ውስጥ ፐብጂ ሞባይል የሚባለው የተኩስ ጌም በሌላ ጌም ተተካ። በአዲሱ ጌም የተመታው ሰው አይሞትም፤ ተንበርክኮ ዕቃውን ያስረክብና እጁን አውለብልቦ ይሰናበታል። ጠመንጃው አልተነካም፣ ማነጣጠሩ አልተነካም፣ መተኮሱም አልተነካም። ልጁ የሚያደርገው ያው ነው፤ የተነሣው የሥራው ውጤት ብቻ ነው። ይህ ከደሙ የበለጠ ያስፈራኛል። ተኩስ ሰው እንደሚገድል የሚያውቅ ልጅ፣ ተኩሶ ሰላምታ ከሚመለስለት ልጅ ይሻላል እላለሁ። አንቺም እንዲህ ዓይነት ለውጥ አድርጊ ብትባዪ በጽሑፍ ተቃወሚ።

3. በሌላው ሃይማኖት ላይ ብቻሽን አትፍረጂ።

በ2008 ጥቅምት ላይ ሶኒ ሊትል ቢግ ፕላኔት የሚባለውን ጌም ሊያወጣ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ አንድ ተጫዋች ከዘፈኖቹ በአንዱ ውስጥ ሁለት የቁርኣን ሐረጎች መኖራቸውን አሳወቀ። ዘፈኑ ኮራ በሚባለው ባለ አውታር መሣሪያ ሊቅ የሆነው የማሊው የቱማኒ ዲያባቴ ነበር። ሶኒ የተሠራጩትን ዲስኮች ሰብስቦ፣ ከዘፈኑ የዘፋኙን ድምፅ አውጥቶ፣ ጌሙን ዘግይቶ አወጣው። ዲያባቴ ራሱ ሙስሊም ነበር፤ በአገሩ እምነትን በሙዚቃ ማስተማር የተለመደ መሆኑን ተናግሯል። ቅር ያለውም ሙስሊም፣ የዘፈነውም ሙስሊም። ለአንዱ ድፍረት የሆነው ለሌላው አምልኮ ነው። መንዙማ እየሰማ ያደገ የወሎ ሰው ይህን ወዲያው ይረዳዋል።

የአንቺ ከተማ ደግሞ ሐዋሳ ናት። ለገብርኤል ንግሥ ከየአገሩ የሚመጣው ሕዝብ፣ የጁምዓ ሰጋጁ፣ የየሰፈሩ የወንጌላውያን ጸሎት ቤቶች፣ በፊቼ ጨምበላላ ጉዱማሌ የሚወርደው ሲዳማ፣ ሁሉም አንድ ሐይቅ ዳር ነው የሚውለው። ጌሙ ውስጥ ከጭራቅ ጋር በሚደረግ ፍልሚያ የቅዳሴ ዜማ ብታገኚ፣ ወይም የአዛን ድምፅ የሽፍታ ዋሻ ውስጥ ብትሰሚ፣ ለመቁረጥም ለመተውም አትቸኩዪ። የእምነቱን ሰዎች፣ ከሽማግሌውም ከወጣቱም፣ አስቀምጠሽ አሳዪያቸው። የአንዱ ብቻ ቃል አይብቃሽ።

4. ለሐዘን ቦታ ስጪ።

ፎልአውት 3 በ2008 የወጣ የአሜሪካ ጌም ነው። ውስጡ ሜጋተን የምትባል ከተማ አለች፤ መሐሏ ላይ ያልፈነዳ አቶሚክ ቦምብ ቆሟል። ተጫዋቹ ቦምቡን ማምከን ወይም ማፈንዳት ይችላል። ለጃፓን በተዘጋጀው ቅጂ ማፈንዳቱ ቀረ። በናጋሳኪው ቦምብ ስም የተጠራው የጦር መሣሪያም ስሙ ተለወጠ። ሂሮሺማና ናጋሳኪ በ1945 ምን እንደደረሰባቸው ታውቂያለሽ። እኔ ይህን መቁረጥ አልነቅፍም። ያ ሕዝብ በዚያ ነገር እንዲዝናና መጠየቅ አይገባም።

የኛም አለን። በቀይ ሽብር ዘመን ልጇ በር ላይ ወድቆ ያደረባት እናት ዛሬም በሕይወት አለች። በሰሜን የተደረገው ጦርነት ደግሞ ገና ትናንት ነው፤ ቤተሰቡን ያጣው ሰው ምናልባት የክፍል ጓደኛሽ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ቁስል ነጥብ መሰብሰቢያ ያደረገ ጌም ቢመጣብሽ «ይህ ይውጣ» ለማለት አትፈሪ። ግን የራስሽን መጸየፍ ከሌላው ሐዘን ጋር አታምታቺ። ቁስሉ የማን እንደሆነ ለዪና ባለቤቱን ጠይቂ።

5. የግፈኛን ፊት አትሸፍኚ።

ይህ ከበፊተኛው ጋር የሚጣላ ይመስላል፤ አይጣላም። በ2017 የወጣው ዎልፈንስታይን 2 የሚባለው ጌም በሙሉ ናዚዎችን መዋጋት ነው። ጀርመን የናዚ ምልክቶችን በሕግ የከለከለች አገር ስለሆነች ለዚያ ገበያ የተዘጋጀው ቅጂ ስዋስቲካውን አነሣ። ነገሩ በዚያ ቢቆም መልካም ነበር። ሂትለርም ሪዙን ተላጨ፣ ስሙም ተለወጠ፤ ስለ አይሁዳውያን እልቂት የሚነሡ ንግግሮች ደግሞ ደበዘዙ። ሕጉ የወጣው ያ ግፍ እንዳይመለስ ነበር፤ ቅጂው ግን የግፉን ባለቤትም የተገፉትንም ስም አጠፋ። በ2018 ነሐሴ ላይ የጀርመን የጌም ደረጃ ሰጪ አሠራሩን ለወጠ፤ ልክ እንደ ፊልም ሁሉ እያንዳንዱ ጌም በይዘቱ ታይቶ ምልክቱ ሊፈቀድ እንዲችል ሆነ።

እኛ ይህን ትምህርት በሌላ መንገድ ተምረነዋል። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተለቀመ፤ ደራሲው በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። መጽሐፉ ግን አልጠፋም፤ ሰው ከእጅ ወደ እጅ እያስተላለፈ አነበበው። ቅድመ ምርመራ በፕሬስ አዋጅ ቁጥር 34/1985 ቀረ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 29 ማንኛውንም ሳንሱር ከለከለ። ከመሥሪያ ቤት የወጣው መቀስ በእያንዳንዳችን እጅ ተመልሶ እንዳይገባ ነው የምመክርሽ።

6. ስትቆርጪ በስውር አትቁረጪ።

በደርግ ጊዜ ለትምህርት ቤት በዓል ያዘጋጀነው ተውኔት ቀድሞ መታየት ነበረበት። ሲመለስልን ሁለት ገጽ በቀይ እርሳስ ተሰርዟል። ምክንያት አልተጻፈበትም፤ ማን እንደሰረዘውም አይታወቅም። ተማሪዎቹ «ምን አጠፋን?» ሲሉኝ የምመልስላቸው አልነበረኝም። ያዘንኩት ግን በሚቀጥለው ዓመት ነው። ማንም ሳይነካቸው፣ ገና ሲጽፉ፣ ራሳቸው መሰረዝ ጀምረው አገኘኋቸው። ምክንያቱ ያልተነገረ ክልከላ ዳርቻ የለውም፤ ሰው የት እንደሚያበቃ ስለማያውቅ ብዙ ርቆ ይቆማል።

የትርጉም ሥራሽ በሰንጠረዥ እንደሚመጣ ነግረሽኛል፤ በአንዱ ዓምድ እንግሊዝኛው፣ በሌላው አማርኛው፣ ከጎኑ የፊደል ብዛት ገደቡ። አንድ ዓምድ ጨምሪ። ምን ተነሣ፣ ለምን ተነሣ፣ ማን ወሰነ የሚለውን በየመስመሩ ሙዪ። ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ካቃተሽ አትቁረጪው። ጌሙ ሲወጣም ተጫዋቹ ይህ ቅጂ እንደተለወጠ የሚያውቅበት ገጽ ይኑር፤ ቅንብሮች ውስጥ ቢሆንም ይበቃል።

ደግሞ አንድ አገር ላይ የተቆረጠ ነገር ድንበር እንደማያውቅ አስቢ። ያንኑ ፎልአውት 3 አውስትራሊያ በ2008 ሞርፊን በስሙ ስለተጠራበት ደረጃ ከለከለችው። አምራቹ የመድኃኒቱን ስም ለወጠ፤ የለወጠው ግን ለአውስትራሊያ ብቻ ሳይሆን ለዓለም ሁሉ ነው። አንቺም ለሐዋሳ ብለሽ ያወጣሽው ነገር ዋሽንግተንና ሪያድ ላለው አማርኛ ተናጋሪ ጭምር ሊቀርበት ይችላል።

7. ዓይን የማይጥልበትን ጉዳት ፈልጊ።

ከሁሉ አጥብቄ የምልሽ ይህን ነው። ሰዎች መቀስ ሲይዙ ወደ ደሙና ወደ ገላው ይሮጣሉ፤ የልጁን ኪስ የሚበረብረው ነገር ግን ሳይነካ ያልፋል። የስልክ ጌሞቹን ከፍተሽ እዪ። የታሸገ ሣጥን ይመጣል፤ ይነቀነቃል፣ ያበራል፣ ሙዚቃው ከፍ ይላል፣ ይከፈታል። ውስጡ ምን እንዳለ የሚታወቀው ከተከፈለበት በኋላ ነው። ቀድሞ ፊፋ ይባል በነበረው የኳስ ጌም የተጫዋቾች ካርድ የሚሸጠውም እንደዚሁ ነው። ምሽቱን ቤቲንግ ቤት ትኬት ይዞ የሚቆመው ወጣት ጣቱን ያለማመደው እዚያ ሳይሆን አይቀርም።

ቤልጅየም በ2018 እንዲህ ያለው የታሸገ ሣጥን ቁማር ነው ብላ ወሰነች፤ የፊፋው አምራች ኢኤ በ2019 መጀመሪያ ላይ እዚያ አገር የካርድ መግዣ ነጥብ መሸጡን አቆመ። ቻይና ደግሞ ከ2017 ጀምሮ የዕድሉ መጠን በግልጽ እንዲጻፍ አስገደደች። አንቺ ሣጥኑን ማንሣት አትችዪም፤ የድርጅቱ ገቢ ነው። ቁልፉ ላይ የሚጻፈውን አማርኛ ግን የምትጽፊው አንቺ ነሽ። «ስጦታህን ክፈት» እንድትዪ ይፈልጋሉ። «በእውነተኛ ብር ይገዛል፤ ምን እንደሚወጣ አይታወቅም» በዪ። ቦታው ጠባብ ነው ካሉሽ ሌላ አጭር ነገር ፈልጊ፣ ስጦታ ግን አትበዪው። ጭቅጭቅ ማስነሣት ካለብሽ በዚህ ላይ አስነሺ።

8. የኛን ገጽታ ሲያበላሹ ከመቁረጥ ይልቅ አርሚ።

እኛም በጌሞች ውስጥ አለን። በ2012 በወጣው ሲቪላይዜሽን 5 የሚባል ጌም ተጨማሪ ክፍል ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የኢትዮጵያ መሪ ሆነው ቀርበዋል፤ የሚናገሩትም አማርኛ ነው። በ2020 ደግሞ ሲቪላይዜሽን 6 ዳግማዊ ምኒልክን ከውቅር አብያተ ክርስቲያናት ጋር አምጥቷል። ስለ ነገሥታቱ የየሰዉ ስሜት ይለያያል፤ በአንድ ቤት ውስጥ እንኳ ይለያያል። የአንዱን ወገን ስሜት ይዘሽ ታሪክ አትሰርዢ። የተሳሳተ ዓመት፣ የተሳሳተ ካርታ፣ የተዛባ ስም ብታገኚ ግን ዝም አትበዪ፤ ማስረጃ አያይዘሽ ለአምራቹ ጻፊ።

9. ሲዳምኛውን አትርሺ።

አማርኛውን ስትጨርሺ አሠሪዎችሽ ወደ ሲዳሙ አፎና ወደ አፋን ኦሮሞ እንለፍ ማለታቸው አይቀርም። ያን ጊዜ አንቺ ከአማርኛው ያወጣሽው ነገር ሳይጠየቅ እዚያም እንደወጣ እንዳይቀር። ለሲዳማ ልጅ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ የሲዳማ ተርጓሚ ራሱን ችሎ ከዋናው ቅጂ ይጀምር፤ የራሱ ዓምድ፣ የራሱ ምክንያት ይኑረው። ይህን አሁን፣ ውሉ ሳይፈረም፣ ጠይቂ፤ ከተፈረመ በኋላ ጊዜ የለም፣ በጀት የለም ይሉሻል።

ያንን ዓምድ እንደሞላሽ ቅጂውን ላኪልኝ። አማርኛውን አርሜ፣ አልተስማማሁም ያልኩበትንም መስመር ምልክት አድርጌ፣ በሳምንቱ እመልስልሻለሁ።